ባናው

የዘጠኝ ዓመት ልጄ አንድ ማታ በቴሌቪዥን አልፓካ አየች። በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች የሚረባ፣ ጠጉሩ ተሸልቶ ሹራብ የሚሠራበት የግመል ዘመድ ነው። «አባዬ፣ እኛ አገርስ ልብስ የሚሰጥ እንስሳ የለም?» አለችኝ። «የለም» ልል ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«የመንዝ በግ ወዴት ሄዶ?»

ነገሩ ከነከነኝ። እናቴ ከመንዝ ስትመጣ ከያዘችው ዕቃ የቀራት አንድ ባና ነበር፤ ከበግ ጠጉር የተሸመነ፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ወደ ጎሮ ስንዛወር «አዲስ ቤት ውስጥ ይሄ ምን ይሠራል?» ብዬ፣ እሷን ሳላማክር ለሠፈሩ ዘበኛ ሰጠሁት። እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልነገርኳት።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስታችንም በአያት በኩል ወጣን። ለገጣፎንና ሰንዳፋን አልፈን፣ ሸኖ ላይ ቅቤ ገዝተን፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የበግ እርባታ ማዕከል የመንዝን በግ ከአዋሲ ዝርያ ጋር ሲያዳቅል የኖረው እዚሁ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የዘመዶቻችን ግቢም አንድ የተዳቀለ አውራ፣ ከትናንሾቹ የመንዝ በጎች መሐል እንደ ባላባት ቆሟል። ልጄ እጇን ጠጉሩ ውስጥ እስከ አንጓዋ ቀበረች።

አንዲት አዛውንት ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ይፈትላሉ። «የአንድ በግ ጠጉር ለባና አይበቃም ልጄ» አሏት። «ሸልተሽ፣ አጥበሽ፣ አፍታተሽ፣ ፈትለሽ ነው ለሸማኔ የምትሰጪው።» እናቴ ምንም ሳትናገር እንዝርቱን ተቀበለቻቸው። ጣቷ አልረሳም። ክሩ ሳይበጠስ ወረደ።

ይሄኔ ልጄ፣ «እማማ፣ ሕፃን ሆኜ የምታለብሺኝ ባናሽስ የት ሄደ?» አለቻት።

አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ከእንዝርቱ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ብርድ ላይ የሚያድር ሰው ለብሶታል» አለች።

ለካስ ታውቅ ኖሯል!

ማታ ጎሮ ስንደርስ በሩን የከፈተልን ዘበኛ ባናውን እስከ ጆሮው ተከናንቧል። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሞቃል?» አለችው።

«በጣም እንጂ እማማ! እግዜር ይስጥልኝ።»

አዛውንቷ በጎቹ ሲሸለቱ ለአዲስ ባና ሊፈትሉልን ቃል ገብተዋል፤ እንጠብቃለን። ይቅርታዬን ግን ያን ማታ አላሳደርኩትም።