ያለ ምድጃ የሚሰናዳ ስንቅ

መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁ ነው። ስንቅ ለመንገድ የሚያዝ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ምድጃ በማይነድበት፣ ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ዘመድም በሌለበት ስፍራ የሰውን ሕይወት የሚያቆይ መጠባበቂያ ነው። ስለዚህ መልካም ስንቅ ለሸክም የማይከብድ፣ ብዙ ጉልበት የሚሰጥና ሳይበላሽ የሚቆይ ሊሆን ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን በሚበላበት ሰዓት እሳት የማይጠይቅ መሆን አለበት።

ይህን ጥበብ ጠንቅቀው ከሚያውቁ ሕዝቦች መካከል የሐርጌሳና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ይገኛሉ። የሶማሌላንድ ርእሰ ከተማ የሆነችው ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደረቅ አገር ላይ የተቆረቆረች ናት። ከበርበራ ወደብም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዙሪያዋ የሚኖረው አርብቶ አደር ግመሉን፣ በጉንና ፍየሉን እየነዳ ዝናብ የጣለበትን ምድር ተከትሎ ይጓዛል። ሥጋና ቅቤ ከመንጋው ያገኛል፤ ተምር ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ከዓረብ አገር ይመጣለታል። የአካባቢው ታላላቅ ስንቆች የተፈጠሩት ከእነዚህ ከሦስቱ ነው።

ከስንቆቹ ሁሉ የታወቀው ሙቅማድ፣ በሌላ ስሙ ኦድካዕ የሚባለው ነው። ለዚህ የሚሆነው የግመል ወይም የከብት ሥጋ እንደ ቋንጣ ተዘልዝሎ በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያም በጣም ደቅቆ ይከተፍና በነጠረ ቅቤ ይጠበሳል። በመጨረሻም ቅቤው እንደ ሸፈነው በዕቃ ይቀመጣል። በዚህ ዓይነት የተሰናዳ ሥጋ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል፤ የተራበ ሰውም ከዕቃው እየቆነጠረ ይበላዋል እንጂ እንደ ገና አይቀቅለውም።

ይኸው ምግብ በሠርግ ጊዜ ወደ ክብር ወንበር ይወጣል። የሙሽራዋ ቤተሰቦች «ሔዶ» የሚባለውን ልዩ ዕቃ ያዘጋጃሉ። በውስጡ ሙቅማዱን ይጨምራሉ፤ በላዩም የተቦካ ተምር ይደመድሙበታል። ዕቃው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተተብትቦ፣ እንደ ሙሽራ አጊጦ ይቀርባል። በልማዱ መሠረት ከሠርጉ ሰባት ቀን በኋላ የሙሽራው ወገኖች ተሰብስበው ገመዱን ሳይቆርጡ እንዲፈቱት ይጠየቃሉ። መፍታት ያቃተው ወገን በእንግዶች ፊት ያፍራል፤ የቻለው ይመሰገናል፤ ምግቡም ለተሰበሰበው ሁሉ ይታደላል። የልማዱ ትርጉም ከጨዋታ ያለፈ ነው። ትዳርም ረጅም መንገድ ነውና ስንቅ ይሻል፤ ቋጠሮውም የሚፈታው በትዕግሥት እንጂ በጉልበት አይደለም።

ከሐርጌሳ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበሩን የተሻገረ መንገደኛ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲዘልቅ ስንቁ መልኩን ለውጦ ይጠብቀዋል። በዚህ አገር የሥጋውን ቦታ ገብስ ይይዘዋል። የሰዋስው ተማሪ ሁሉ «አበበ በሶ በላ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያውቃል፤ ነገር ግን ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና ማሠሪያ አንቀጹን ሲለይ በሶው እንዴት እንደ ተዘጋጀ ብዙ ጊዜ አያስብም። ገብሱ ታምሶና ተፈትጎ ገለባው ይወገዳል፤ እንደ ገና ተቆልቶም ይፈጫል። ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ የጠጣው ወይም በጥቂት ጨው አሽቶ የበላው ሰው ወዲያው ይበረታል። ይህ ዱቄት በነጠረ ቅቤ ሲታሽ ደግሞ ጭኮ ይሆናል፤ ጭኮም በደንብ ከተያዘ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ምግብ ነው።

እነዚህ ምግቦች የማይበላሹበት ምክንያት አንድ ነው። ምግብን የሚያበላሹት ረቂቃን ተሕዋስያን ያለ ውኃ ሊራቡ አይችሉም። ሥጋውን ፀሐይ ታደርቀዋለች፤ ገብሱን ምጣድ ያደርቀዋል፤ ቅቤው ሲነጠር ውኃው ይተንናል፤ በተምርም ውስጥ ያለው ብዙ ስኳር የቀረውን እርጥበት ይዞ ለተሕዋስያኑ ይነፍጋቸዋል። ጉልበት የሚሰጡበትም ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስንቅ በሚበላበት ጊዜ እሳት የማይሻው እሳቱን አስቀድሞ ስለ ተቀበለ ነው። ቅለቱ በቀደመ ድካም የተገዛ ነው። በሰላሙ ቀን ሥጋ የዘለዘለች፣ ቅቤ ያነጠረች፣ ገብስ የቆላች እናት ድካሟን ለክፉ ቀን አስቀምጣለች ማለት ነው።

ክፉ ቀን ደግሞ በሐርጌሳ ላይ መጥቷል። በ1988 እ.ኤ.አ. የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ከተማይቱ በገቡ ጊዜ የሲያድ ባሬ መንግሥት ሠራዊት ከተማይቱን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አብዛኞቹ ቤቶቿ ፈረሱ። በመቶ ሺሕ የሚቆጠር የአካባቢው ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ብዙዎችም ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅ በሐርትሼክ በተቋቋመው የስደተኞች ሰፈር ተጠለሉ። ሰፈሩ የተዘጋው በ2004 እ.ኤ.አ. ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ሊጥ የሚያቦካበት ጊዜ፣ ምድጃ የሚያነድበትም ቤት ያለው ሰው የለም። ቤት ይፈርሳል፤ ዕቃ ይዘረፋል፤ በእጅና በልቡና ያለ ጥበብ ግን ከባለቤቱ ጋር ተሰዶ ከባለቤቱ ጋር ይመለሳል። ስለዚህም ከተማይቱ እንደ ገና ስትሠራ ሔዶውም እንደ ገና ለሠርግ ቀረበ።

በዚህ ልማድ መንፈስ ማንኛውም ተማሪ በቤቱ ቀላል ስንቅ ሊያዘጋጅ ይችላል። 250 ግራም ተምር ፍሬው ይወጣለትና ለስላሳ እስኪሆን ይወቀጣል ወይም በእጅ ይታሻል። ተምሩ የደረቀ ከሆነ ጥቂት ጊዜ ሙቀት ባለበት ስፍራ ማቆየት ይበጃል። 70 ግራም የተቆላ ሰሊጥ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የነጠረ ቅቤና ቁንጥር የተፈጨ ኮረሪማ ወይም ሄል ይጨመርበታል። ሁሉም ተለውሶ 20 ያህል ትንንሽ ድቡልቡል ይወጣዋል፤ አንዱም 60 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። የሚያዘጋጀው ሰው እጁ የታጠበ፣ የሚቀመጥበትም ዕቃ ደረቅና ክዳን ያለው ይሁን፤ ውኃ ከገባበት ልፋቱ ከንቱ ነው። ጣፋጭ ስለ ሆነም በልክ መበላት አለበት፤ ከበሉ በኋላም አፍን መጉመጥመጥ ጥርስን ይጠብቃል።

ዛሬ በሐርጌሳም ሆነ በአዲስ አበባ ሱቆች በወረቀት የታሸገ ብስኩትና ከረሜላ ሞልቷል። ለገዢው ድካም የለበትም፤ የሚያስተምረውም ጥበብ የለውም። ሱቁ በተዘጋ ጊዜ፣ መንገዱ በተቋረጠ ጊዜ፣ ዋጋው በናረ ጊዜ ወረቀቱ ባዶ ይቀራል። ከአያቱ ወይም ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ቅቤ ሲነጠር፣ ገብስ ሲቆላ ያየ ልጅ ግን የማይዘረፍ ስንቅ ይዟል። ይህን ስንቅ ለመያዝ የሚመቸው ጊዜ ደግሞ ባለሙያዋ በሕይወት ሳለች፣ ቀኑም ሰላም ሳለ ነው።