ባሕር ዳርና የጐበጠው ቸርኬ

ወደ ባሕር ዳር ብትሄድ ከጣና ቀጥሎ ዓይንህን የሚስበው ዘንባባ በተተከለባቸው ጎዳናዎች ላይ የሚያልፈው ብስክሌት ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ብትገኝም ምድሯ ሜዳ ስለ ሆነ ለብስክሌት የተመቸች ናት። ዛሬ ባጃጅ መንገዱን ቢያጣብበውም፥ ተማሪው ደብተሩን ከኋላው አስሮ፥ አናጢው መጋዙን አንግቶ ሲያልፉ ታያለህ።

ዋናው ጎዳና ለስላሳ ነው። ወደ ውስጥ ሰፈር ስትገባ ግን የጥርብ ድንጋይ ንጣፍ ይቀበልሃል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ የድንጋዩን ጠርዝ ሲመታ ይጨፈለቅና ምቱ በቸርኬው ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ መንኰራኵሩ በዞረ ቍጥር ከፍሬኑ ላስቲክ ጋር እየታከከ ያስቸግራል።

ይህን በቤትህ ልታቃናው ትችላለህ። ብስክሌቱን በመሪውና በኮርቻው ገልብጠህ አቁመው። ጠመኔ ወደ ቸርኬው ጎን አስጠግተህ መንኰራኵሩን በዝግታ አዙር፤ ጠመኔው የነካው ቦታ የተጣመመው ነው። በዚያ ቦታ ካዘነበለበት ጎን በተቃራኒ ያሉትን ሽቦዎች ከግማሽ ዙር ሳታሳልፍ አጥብቅ፤ የወዲህኛውን በዚያው ልክ አላላ፤ እንደገናም አዙረህ ተመልከት። ቸርኬው ወደ ውስጥ የጐደጐደ እንደ ሆነ ግን ጎማውንና ካላማዳሪያውን አውጣ፤ በአጠገቡ ያሉትን ሽቦዎች አላላ፤ ከጕድጓዱ ግራና ቀኝ በሁለት እንጨት ላይ አሳርፈው፤ ከውስጥ በኩል ሌላ እንጨት ደግፈህ በመዶሻ ቀስ እያልህ ምታ። ብረት ይታገሣል፤ አሉሚኒየም ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቅ ካየህ፥ ይልቁንም በፊተኛው መንኰራኵር ላይ፥ ቸርኬውን ለውጠው፤ ከገንዘብህ ሕይወትህ ይበልጣልና።

በመጨረሻ ሽቦዎቹን እንደ ክራር ጅማት በጣትህ ምታቸው። በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ከሰጡ ውጥረታቸው ተስተካክሏል ማለት ነው።

ነገሩ ግን ከቸርኬ ያልፋል። እኔ የማስተምራቸው ወጣቶች ስለ ኀይልና ስለ ውጥረት በፈተና ወረቀት ላይ አሳምረው ይጽፋሉ፤ ጣታቸው ቅባት ሲነካው ግን የሚያፍሩ አሉ። ይህ እፍረት ጥንታዊ ነው። አገራችን ማረሻዋን የሚሠራላትን ቀጥቃጭ «ቡዳ» እያለች ስትሰድበው ኖራለች። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን ከልባችን ፈጽሞ አልወጣም።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ ባሕር ዳር ስትደርስ ደሴቶቹንና ገዳማቱን ከጐበኘህ በኋላ፥ በመንገድ ዳር ከተቀመጠው ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ጥቂት ቆይ። «እንዴት አድርገህ ነው የምታቃናው?» ብለህም ጠይቀው። የተማረ ሰው ለመጠየቅ አያፍርም፤ እጁን ለማቆሸሽም እንደዚሁ።