ጆሮ የሚወጋው ዘፈን

አባቴ ማህሙድ አህመድን ይወዳል። ከወልቂጤ ቡታጅራ በሄድኩ ቁጥር ስልኬን ከስፒከሩ ጋር አገናኝቼ በ1960ዎቹ የዘፈነውን «ኧረ መላ መላ»ን ከዩቲዩብ እከፍትለታለሁ። ጆሮው እየደከመ ስለመጣ በደንብ ይሰማው ብዬ ትሬብሉን ጨመርኩለት። እሱ ግን «ተው ልጄ፣ ይኼ ማህሙድ አይደለም፤ ጆሮዬን ወጋኝ» ብሎ ወደ ደጅ ወጣ። በጣም ከፋኝ።

በኋላ ነገሩ ገባኝ። ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ለፊት ነው የሚሄደው፤ ሊሾው ወለልና ባዶው ግድግዳ ደግሞ መልሰው ይወረውሩታል። ትሬብሉን ወደ መሀል መለስኩ፤ ስፒከሩን ከአባቴ ፊት ወደ ጎን ዘወር አደረግኩ፤ ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልኩ።

አባቴ «አሁን መጣ!» አለና ተቀመጠ። ለካ ለደከመ ጆሮ ማሰብ ድምፅ መጨመር ብቻ አይደለም።