ማሙሽ የደበቃቸው ዕቃዎች

ድክ ድክ የሚል ሕፃን ባለበት ቤት ውስጥ ዕቃ በተቀመጠበት ቦታ አይገኝም። የመጨረሻው ልጃችን አንድ ዓመት ከስምንት ወር በሞላው ጊዜ፣ ይኸውም በ1979 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ፣ በቤታችን ውስጥ ቦታውን ያልለቀቀ ነገር ቢኖር ግድግዳውና ምሰሶው ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ክብሪቱ ከከሰል ጆንያ ውስጥ፣ የበሩ ቁልፍ ከዱቄት ዕቃ ውስጥ፣ ማንኪያው ከትራስ ሥር ይገኝ ነበር። አንድ ቀን ጧት ባለቤቴ ወደ ሥራ ለመሄድ ሲጣደፍ የግራ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ ድንገት ጮኸ። እንቁላል ነበር፤ ደግነቱ የተቀቀለ ነው።

ማሙሽ ዕቃ የሚደብቀው በክፋት አልነበረም። ታላላቆቹ በግቢው ውስጥ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ያያል፤ እርሱ ግን ራሱን መደበቅ ገና አልቻለበትምና በራሱ ፈንታ ዕቃውን ይደብቃል። ከደበቀ በኋላ ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ «የለም!» ይላል። እኛም «የለም?» ብለን ስንጠይቀው ከት ብሎ ይስቃል። ቤቱ ሁሉ አብሮት ይስቅ ነበር።

ይህ ጨዋታ ለሕፃን ቀላል ነገር አለመሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ዣን ፒያዤ የተባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ (እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1980) የራሱን ሦስት ልጆች ከጨቅላነታቸው ጀምሮ በጥንቃቄ እየተከታተለ እንደ ጻፈው፣ ሕፃን ገና ስምንት ወር ሳይሞላው የሚወደው ዕቃ በጨርቅ ቢሸፈንበት ጨርቁን ገልጦ አይፈልገውም። ከዓይኑ የራቀ ነገር ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ጥቂት ወራት እስኪያልፉ ድረስ አንድ አስገራሚ ስሕተት ይሠራል፤ ዕቃው ዓይኑ እያየ በሌላ ቦታ ቢደበቅ እንኳ፣ ቀድሞ ወዳገኘበት ቦታ ሄዶ ይፈልገዋል። እንግዲህ የእኛ ማሙሽ «የለም!» እያለ ሲስቅ ትልቅ ነገር ዐውቆ ነበር፤ ነገሩ ከዓይናችን ቢሰወርም መኖሩን ያውቃል። የማናውቀው እኛ ነበርን።

እናቴ በዚያን ጊዜ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። አባቴ ሲያገባት ያጠለቀላት የወርቅ ቀለበት ነበራት፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ ከጣቷ የምታወጣው ሊጥ ስታቦካ ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ሐሙስ ቀን ቀለበቷን መስኮቱ ደፍ ላይ አኑራ፣ አቡክታ፣ እጇን ታጥባ ብትመለስ ቀለበቱ የለም። ማሙሽን ጠየቅነው። መዳፎቹን ዘርግቶ «የለም!» አለ። ምንም ነገር ቢጠፋ የሚመልሰው ይህንኑ ስለ ሆነ ከቁም ነገር አልቈጠርነውም። የከሰሉን ጆንያ ገለበጥን፤ ዱቄቱን ነፋን፤ ጫማውን ሁሉ አራገፍን። አሁን ሳስበው፣ ፒያዤ በሕፃናቱ ላይ እንዳየው ሁሉ፣ ስንፈልግ የነበረው ከዚህ ቀደም ዕቃ ባገኘንባቸው ቦታዎች ብቻ ነው። ከዚያ ሲታጣ ደግሞ ሰው ሁሉ ዕቃ ሲጠፋበት ወደሚያይበት አቅጣጫ አየን።

ሠራተኛችን የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለ የገጠር መንደር ወደ አዲስ አበባ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቀን ቤቱን ታሰናዳለች፤ ማታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ማሙሽም ከእኔ ይልቅ የሚጠጋው እርሷን ነበር። «አንቺ ወሰድሽው» ያላት ሰው የለም። ይሁን እንጂ አንዲት ጎረቤት ቡና ልትጠጣ መጥታ «የሰው ሆድ በምን ይታወቃል?» ብላ ሄደች፤ እኔም ከዚያን ዕለት ጀምሮ ማንኪያ መቍጠር ያዝኩ። ቁም ሣጥኑን መቈለፍ ጀመርኩ። ልጅቱ ስትገባ ጨዋታችንን እናቋርጣለን። እርሷም ቀስ በቀስ ዝም አለች፤ ማሙሽን ስታጫውት እንኳ ድምፅዋ አይሰማም።

እሑድ ጧት ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት ልብሷን የምታስቀምጥበትን ካርቶን ከፈትኩ። አንድ ነጠላ፣ አንድ ማበጠሪያ፣ ሁለት ደብተር፣ ለእናቷ ጀምራ ያልጨረሰችው ደብዳቤ ነበረበት። ደብዳቤውን አላነበብኩም ብል ምንኛ ደስ ባለኝ! በተጣመመ ፊደል፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ስለ እኔ አታስቢ ይላል። ሁሉንም እንደ ነበረ መለስኩ። ይሁንና ነጠላውን እርሷ እንደምታጥፈው አላጠፍኩትም፤ ይህም የታወቀኝ ማታ ካርቶኑን ከፍታ ጥቂት ጊዜ ቆማ ሳያት ነው። ምንም አላለችም።

ቀለበቱ በጠፋ በዐሥራ አንደኛው ቀን ከጓዳ «እትዬ፣ ፈጥነው ይምጡ!» ብላ ጠራችኝ። ከበሩ ኋላ እጀታው የተሰበረ አሮጌ ጀበና ነበር፤ እናቴ ጎጆ ስትወጣ የገዛችው ስለ ሆነ እንዲጣል አትፈቅድም። ማሙሽ ከጀበናው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የሸሚዝ ቍልፍ በአንገቱ ይከታል። ልጅቱ ግን ርቃ ቆማለች፤ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ አድርጋ ነበር።

«እኔ አልነካሁትም፣ እትዬ» አለችኝ። «እርስዎ ራስዎ ይገልብጡት።»

ገለበጥኩት። መጀመሪያ ቍልፉ ወጣ፤ ቀጥሎ ሦስት ፍሬ ቡና፣ ከዚያም አንድ ዐምስት ሳንቲም። አራገፍኩት። በመጨረሻ ቀለበቱ ወለሉ ላይ ወድቆ እየተንከባለለ ሄዶ እግሯ ሥር ቆመ። ጎንበስ ብላ አላነሣችውም። ማሙሽ ግን እጁን እያጨበጨበ «አለ! አለ!» ይል ነበር፤ ከዚያ በፊት ይህን ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እናቴ አለቀሰች፤ ልጅቱንም አቅፋ ግንባሯን ሳመቻት። እኔ ይቅርታ ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ይቅርታ ብላት ካርቶኑን መክፈቴን መናገሬ ነውና ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። በማግሥቱ መርካቶ ወርጄ ቀሚስ ገዛሁላት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

ለፋሲካ ወላጆቿን ለመጠየቅ ፈቃድ በጠየቀች ጊዜ ደስ ብሎን አሰናበትናት። በምትሄድበት ጧት ጓዟን ይዛ ሳሎን ገባችና ከአግዳሚው ላይ አስቀምጣ ፈታችው። ነጠላውን አንሥታ ዘረጋች፤ ደብተሮቿን አንድ በአንድ ገልጣ አራገፈች፤ እኔ የገዛሁላትን ቀሚስም ኪሱን ገልብጣ አሳየችን። ማንም አልጠየቃትም። ባለቤቴ «ኧረ ተዪ፣ ምን ሆነሻል?» ቢላትም እስክትጨርስ ድረስ ቀና አላለችም። ማሙሽ በዚህ መካከል ከዕቃዋ አንዱን ይዞ ሮጠ። መለስ ብላ አየችውና ፈገግ አለች፤ ከዚያ ጓዟን አስራ እናቴን ተሰናብታ ወጣች።

ይዞ የሮጠው ማበጠሪያዋን ኖሯል። ከአራት ቀን በኋላ በጫማዬ ውስጥ አገኘሁት። ስትመለስ እሰጣታለሁ ብዬ ከመሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። ማሙሽ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ማበጠሪያው ግን አሁንም እዚያው መሳቢያ ውስጥ አለ።