ልጁን ተዉት፣ ያፍርሰው

መስቀል ደረሰና ያ የፈረደበት ክርክር ዛሬ ተመልሶ መጣ፤ ወልቂጤና ቡታጅራ የሚገባ ሰው ለልጆች ልብስ ይያዝ ወይስ የሚገጣጠም መጫወቻ? ለአረፋም ይኸው ነበር። «ሌጎ ለእኛ ልጅ ቅንጦት ነው» የሚለው ወገን እንደ ልማዱ በላይክ አሸነፈ። እኔ ከመጫወቻው ጋር ነኝ። «ኢንጂነር ይሆናል» ብዬ አይደለም፤ ስንቱ ኢንጂነር ባጃጅ ይነዳል። ነገሩ በራስ መተማመን ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው፣ «እችላለሁ» የሚል እምነት ከምንም በላይ የሚጸናው ሰው ራሱ ሞክሮ ሲወጣው ነው፤ ምክርና ማበረታቻ ከዚያ በታች ናቸው። «አንበሳ!» ሲባል የዋለ ልጅና የተናደበትን ግንብ ታችኛውን ረድፍ አስፍቶ መልሶ ያቆመ ልጅ አንድ አይደሉም። የሁለተኛው ማስረጃ ፊቱ ቆሟል።

«ድሮስ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ይሠራ የለም ወይ?» የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል፣ እውነት ነዋ። ሽቦ አጥፎ መሪ ያወጣ፣ ከነጠላ ጫማ ሶል ጎማ የቆረጠ ልጅ ከሌጎ አገር ከዴንማርክ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ግን ያ ልጅ የጉራጌን መንደር ሰፊ የሣር መንገድ፣ ጀፎረን፣ የሚያህል ሜዳ ነበረው። የከተማው ተከራይ ልጅ ያለው አንድ ክፍልና «ግቢዬን በጭቃ እንዳታበላሹ» የሚል አከራይ ነው። ለእሱ ተገጣጥሞ የሚፈታ፣ ማታ ካርቶን ውስጥ የሚገባ ነገር ይሻለዋል። ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1958 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ጡብ ብልሃቱ ይኸው ነው፤ ይዞ ይቆማል፣ በልጅ ጣት ይላቀቃል። ባለ ስምንት ጉብታ ስድስት ጡቦች ብቻ ከ915 ሚሊዮን በሚበልጥ መንገድ ይገጣጠማሉ፤ ስለዚህ «ተሳስተሃል» የሚለው አስተማሪ የለም።

እዚህ ላይ የቆየ ቂሜን ላውጣ፦ ቡፌ! መጫወቻው ይገዛና ከነካርቶኑ ከብርጭቆዎቹ ጎን ይሰየማል። እንግዳ ያየዋል፣ ባለቤቱ ልጅ ግን «እንዳትነካ፣ ትሰብረዋለህ» ይባላል። ሉሲ እንኳ አሜሪካን ዞራ መጥታለች፣ ይሄ ካርቶን ግን ከቡፌው አልወጣም። በስንት ልመና ሲወርድ ደግሞ አጎት «አምጣ እኔ ላሳይህ» ብሎ ይነጥቅና ራሱ ገጥሞ ይጨርሰዋል። የልጁ ድርሻ ማጨብጨብ።

ወደ «ቅንጦት» ልመለስ። የሌጎ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ለረድኤት ድርጅቱ አይአርሲ 100 ሚሊዮን ዶላር የመደበው በኢትዮጵያና በኡጋንዳ ያሉ ስደተኛ ልጆችና አብረዋቸው ያሉ የአካባቢው ልጆች በጨዋታ እንዲማሩ ነው። ቤቱን ጥሎ ለመጣ ልጅ ቅንጦት ያልተባለ ነገር ለቡታጅራ ልጅ ቅንጦት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ዋጋው ጣራ ነክቷል ካላችሁ እሺ፣ ዋናውን ግዙ አላልኩም። አናጺ ቤት ጎራ በሉ፣ የጣውላ ቁርጥራጭ ለምኑ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ ስጡት። ብቻ እናንተ ለበዓል የምትገቡ አጎቶች፣ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ክትፎው ይበቃችኋል።