ገበያ የከተማ እናት

«አገራችሁ ታሪክ የለውም» እየተባልን የምንሰማ የየካ አባዶ ልጆች ብዙ ነን፤ አብዛኞቻችን በዕጣ በደረሰ ቤት ከመሐል ከተማ የመጣን ነንና። ነገሩ ስላስቈጨኝ የዐዲስ አበባን አመጣጥ መረመርሁ።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ፥ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን ዐዲስ አበባ አሉት። ገበያውም በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ቆመ፤ እህሉ፥ ቅቤው፥ ማሩ፥ አሞሌ ጨዉ በዚያ ይሸጥ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣልያን ወራሪ አገሬውን ከነጮች ለመለየት ሲል ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረው። መርካቶ ማለትም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ወራሪው ሄደ፤ ገበያው ግን በነጋዴው ጥረት ጸንቶ ሰፋ።

ከዚህ የምንረዳው፥ ሕዝብ ከቦታው ቢዛወርም ገበያውን ካቆመ አገር ያቀናል ማለት ነው። እናቴ የአራዳ ደንበኞቿን ትታ ስትመጣ እጅግ አዝና ነበር። ዛሬ በሕንፃችን ሥር በጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ በዱቤ የምትሰጣቸው ጎረቤቶችም አሏት። ዱቤ ካለ መተማመን አለ፤ መተማመን ካለም ከተማ ተጀምሯል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ የገበያችንን መጀመሪያ ያዩትን፥ ከእኛም በፊት ይህን መሬት ያርሱ የነበሩትን ገበሬዎች ጠይቀን በደብተራችን እንጻፍ።