ከቆላ ተነስቶ ራስ ደጀን

ስለ ራስ ደጀን ጉዞ የተጻፈውን ብታገላብጡ፣ ወይ ከአውሮፓ ለሚመጣ ሰው ነው፣ ወይ ለአዲስ አበቤ። አውሮፓዊው ብርዱን ያውቀዋል። አዲስ አበቤው ደግሞ ዓመት እስከ ዓመት ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚያድር ሳንባው ቀድሞ ለምዶለታል። ከሸዋሮቢት ለሚነሳ ሰው ግን የጻፈ አላየሁም። እኛ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ማንጎ ጥላ ሥር የምንውል፣ ማሾና ሽንኩርት የምንዘራ ሰዎች ነን። እና ከጓደኞቼ ጋር የጀመርነውን ዕቅድ እዚህ ልዘርግፈው፤ ከአጣዬም ከማጀቴም የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም።

የጫማና የቦርሳውን ክርክር እንዝለለው። በየቀኑ አዲስ ፎቶ ይላክልናል፣ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። ዋናው ጉዳይ የት እንደምንወጣ ሳይሆን የት እንደምናድር ነው። ራስ ደጀን 4,543 ሜትር ነው (ትምህርት ቤት 4,620 ብለን ነበር የሸመደድነው፤ ኋላ ሲለካ አነሰ)። እዚያ ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ካለው ከ60 በመቶ በታች ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በኋላ መኝታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳናሳድግ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ግን በመኪና ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር አድርጎ ጨነቅ ያደርሳል፤ ጨነቅ 3,600 ሜትር አልፏል። ፈቃዱ አጭር፣ ገንዘቡም አጭር የሆነበት የእኛ ሰው ደግሞ ቀን ለመቆጠብ በቀጥታ ጨነቅ ሄዶ ይተኛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ አልበላ ማለት የሚጀምረው ያኔ ነው። ሰውየው መንገዳገድና መዘባረቅ ከጀመረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ይዞት ከመውረድ ሌላ ምርጫ የለም።

ደግነቱ መለማመጃው ከራሳችን ጓሮ ነው። ደብረ ሲና ሽቅብ 2,600 ሜትር አካባቢ ናት፣ ቆሎዋን እየቆረጠምን የመጀመሪያዋን ሌሊት እናድርባታለን። ከዚያ ጣርማበር። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሁላችንም በአውቶቡስ ስናልፍ መስኮት ዘግተን ነው የምናውቀው። ከጣርማበር በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ፣ ከዚያ መንዝ ጓሳ። የጓሳ ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፣ ማለትም የጨነቅን ብርድና የጨነቅን አየር ሰሜን ሳይሄዱ መቅመስ ነው። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አለ። ሳሩን አስቦና ጌራ ከተባሉት አባቶች ጀምሮ የመንዝ ሰው ራሱ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ለዓመታት ይዘጋና ሲከፈት ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። እውነቱን ለመናገር፣ ራስ ደጀን ባይሳካ እንኳ በጓሳው ብቻ አልቆጭም።

ልብስን በተመለከተ ምክር ያገኘሁት ከመንዝ ባና ሊሸጡ ከወረዱ እናት ነው። ጃኬቴን ጫፉን ይዘው በሁለት ጣታቸው አሹት። «ልጄ፣ ይኼን ለብሰህ ነው ጓሳ የምታድር?» አሉኝ። ስቄ ዋጋ ጠየቅሁ፤ አልቀነሱልኝም። ባናው ግን ተገዝቷል።

አሁን የትም ያላነበብኩት ጉዳይ፤ ወባ። ተራራ ላይ ወባ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ትንኟ እዚያ የለችም፣ ወባው ግን በደማችን ውስጥ ሆኖ አብሮን ሊወጣ ይችላል። ሸዋሮቢት የተነደፈ ሰው እስኪያመው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ልክ ጨነቅ ስንደርስ ነው ማለት ነው። ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ጓደኞቹ «ከፍታው ነው» ይሉታል፤ ውርጭ በወረደበት ሌሊት መንቀጥቀጥ ማንንም አያስደነግጥም። መለያው ትኩሳቱ ነው። ከፍተኛ ትኩሳት ያለበትን ቆላ ሰው ከፍታ ነው ብሎ ድንኳን ውስጥ ማስተኛት ሊገድለው ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል፤ «ወባዬ ተነሳብኝ» የምንለው። ስለዚህ ዕቅዳችን ላይ ከድንኳኑ በፊት የተጻፈው ሁለት ነገር ነው፦ ከመነሳታችን በፊት ባሉት ሳምንታት አጎበር ውስጥ ማደር፣ መንገድ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ደባርቅ ወርዶ መመርመር።

የቀረው እንደማንኛውም ሰው ነው። ደባርቅ ላይ ክፍያ፣ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ እስካውት፣ በቅሎና ባለበቅሎ። ከጨነቅ በቧሂት በኩል 4,200 ሜትር አካባቢ ተወጥቶ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ እስከ 2,800 ሜትር ድረስ ቁልቁል ተወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ ተወጥቶ አምቢቆ ይታደራል። በማግስቱ ጫፉ። ያን ያህል የደከሙበትን ከፍታ መልሶ ማውረድ ያናድዳል፣ ግን ለቆላ ሰው አምቢቆ 3,200 ሜትር ላይ መተኛት ጨነቅ ከመተኛት ይሻለዋል።

ቀኑ አልተቆረጠም። ግጭቱ ከተነሳበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን መንገድ ላይ ቀን ቆርጦ መነሳት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን በየትኛው ወር እንደምንሄድ ቡድኑ ለሁለት ተከፍሏል። ጥቅምት የሚሉት ሜዳው ገና አረንጓዴ፣ አበባው ያልረገፈ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ጥቅምት እኛ ጋ ወባ የሚበረታበት፣ ጤና ጣቢያው በረንዳ ድረስ የሚሞላበት ወር ነው። እኔ ድምፄን ለጥር ሰጥቻለሁ። ጥምቀትን ጎንደር አክብረን፣ እዚያው 2,100 ሜትር ላይ ሁለት ሌሊት አድረን፣ 100 ኪሎ ሜትር ሄደን ደባርቅ እንገባለን። ውርጩ ይከፋል፣ ሳሩም ይደርቃል። እናንተስ የትኛውን ትመርጣላችሁ?